ስልኩን ዘግተን ስንጫወት

ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን የቤቴን ሥራ ጨርሼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ስልኬን ቻርጀር ላይ ሰክቼ እቀመጣለሁ። በዚያ ሰዓት የልጅ ልጄ ያለበት ሜሪላንድ ገና ቀትር ነው። እሱ 13 ዓመቱ ነው፤ እኔ 66። ውቅያኖስ ተሻግረን አንድ ጠረጴዛ እንደከበበ ሰው ካርታ እንጫወታለን።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እናቱ ስልኩን ስታቀብለው «ደህና ነሽ እማማ?» ይለኛል። «ደህና ነኝ፤ ትምህርት እንዴት ነው?» እለዋለሁ። «ጥሩ ነው» ይላል። ከዚያ ወሬ ያልቅብናል። የሱ አማርኛ ይቆራረጣል፤ የኔ እንግሊዝኛ ደግሞ የመድኃኒትና የበሽታ እንግሊዝኛ ነው። ልጆቻችሁ ውጭ አገር የወለዱላችሁ ሁሉ ያንን ዝምታ ታውቁታላችሁ። አምና ክረምት ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለው፣ ከሻንጣው ካርታ አውጥቶ «ስፔድስ» የሚባል ጨዋታ አስተማረኝ። ሲሄድም ስልኬ ላይ ጭኖልኝ ሄደ።

ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ኮንከር ስንጫወት ሁሉም ለራሱ ነው። ስፔድስ ግን አራት ሰዎች ሁለት ለሁለት ሆነው የሚጫወቱት ነው፤ አጋሮች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ለእያንዳንዱ 13 ካርታ ይታደላል። አንዱ አንድ ካርታ ይጥላል፤ ሌሎቹ ያንኑ ዓይነት ካላቸው ያንኑ መጣል ግዴታቸው ነው። ትልቁን የጣለ ዙሩን ይበላል። ያ ዓይነት በእጁ የሌለ ሰው ግን ጥቁሯን የጦር ጫፍ የምትመስለውን ስፔድ መጣል ይችላል፤ ስፔድ ደግሞ ሁሉንም ትበላለች።

የጨዋታው ነፍስ ያለው ካርታ ከመጣሉ በፊት ነው። እያንዳንዱ ካርታውን አይቶ ስንት ዙር እንደሚበላ ቃል ይሰጣል። የአጋሮች ቃል ይደመራል። እኔ አራት፣ እሱ ሦስት ካልን ሰባት መብላት አለብን። ከሞላልን 70 ነጥብ እናገኛለን፤ ስድስት ብቻ ከበላን 70 ይቀነስብናል። ከቃላችን በላይ ለበላነው ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ ብቻ ይሰጠናል፤ እነዚህ ትርፎች ተጠራቅመው 10 ሲሞሉ ደግሞ 100 ነጥብ እንቀጣለን። ጉራም ስስትም ያስቀጣል ማለት ነው። «ዜሮ» ብሎ አንድም ዙር ያልበላ 100 ያገኛል፤ አንዲት ዙር ከበላ 100 ይቀነስበታል። ብዙ ጊዜ 500 ቀድሞ የገባ ያሸንፋል።

መጀመሪያ የምንጫወተው ከኮምፒውተሩ ጋር ነበር። እየተጫወትን በቴሌግራም እንደዋወላለን። «እማማ፣ አሁን ትልቁን ጣይ» እያለ አስለመደኝ። በዚህ የተጎዳ የለም። እየጎበዝን ስንሄድ ግን ከሌላ አገር ሰዎች ጋር መግጠም ጀመርን፤ ስልኩን መዝጋት ግን አልተውነውም፤ እንዲያውም ትዝም አላለን። ለኔ ዋናው ካርታው አልነበረም፤ ድምፁን መስማቱ ነበር።

አንድ ቅዳሜ 430 ነጥብ ደርሰን ነበር። እኔ የስፔድ ንጉሥ ይዣለሁ። አስ የያዘ ሰው ይበላብኛል ብዬ ሰጋሁና «አስ አንተ ጋ ናት?» አልኩት። «አዎ፣ እኔ ጋ ናት» አለኝ። ሥጋቴ ለቀቀኝ፤ አራት ልል የነበረውን አምስት አልኩ። እሱ ሦስት አለ። ስምንቱን በልተን በ510 አሸነፍን።

ከተጋጣሚዎቻችን አንዱ በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ በስልክ እየተነጋገራችሁ ነው ወይ የሚል ነበር።

«እማማ፣ ምን ልበላቸው?» አለኝ።

«‹አንነጋገርም› በላቸው» አልኩት። ይህን ያልኩት በዚያው በስልኩ ነው።

ጻፈ። ሁለቱ ሰዎች ወጡ። የልጅ ልጄ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «ምሳ እየተጠራሁ ነው» ብሎ ዘጋው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «ለካርታ ጨዋታ? ገንዘብ ያልተያዘበት?» እያልኩ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ። አልሆነም። ብዙ ዓመት ያላነሣሁት ነገር መጣብኝ።

ከነርሲንግ ትምህርት ቤት በዲፕሎማ ወጥቼ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ማዋለጃ ክፍል ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ማታ አራት ሰዓት ላይ የአንዲትን ወላድ ደም ግፊት ለክቼ 110 በ70 ብዬ መዘገብኩ። ሊነጋጋ ሲል እንደገና መለካት ነበረብኝ። እናቶቹ ብዙ፣ እኛ ጥቂት ነበርን፤ እግሬ አብጧል፤ ሴትዮዋ የተኛች መሰለኝ። ሳልለካ ያንኑ 110 በ70 ደግሜ ጻፍኩ። ጠዋት ርክክብ ላይ የክፍሉ ኃላፊ፣ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ የሴትዮዋን ፊት አዩና ካርዱን ሳያነቡ መለኪያውን አነሡ። 80 በ50። ደም ይፈሳት ነበር።

ሐኪም ተጠራ፤ ደም ተሰጣት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ከቀናት በኋላ ልጇን ታቅፋ ወጣች። ኃላፊዋ ግን ያን ጠዋት ካርዱን አሳይተውኝ «ይህን ለክተሽ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ፣ ለክቼ ነው» አልኩ። ምንም አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ እኔ የለካሁትን እሳቸው ደግመው ይለኩ ነበር። ሳልለካ መጻፌ የድካም ጥፋት ነው ቢባል እንኳ፣ «ለክቼ ነው» ያልኩት ግን የድካም አልነበረም።

«አንነጋገርም» ያልኩትም ያው ነው። ልዩነቱ፣ አሁን ልጅ እየሰማኝ፣ በልጅ እጅ ማስጻፌ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታው ሳይጀመር ደወልኩለት። «ባለፈው አስዋሸሁህ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። የወላዷንም ታሪክ ነገርኩት። አማርኛው ሲያጥረው እየጠየቀኝ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «እኔም አውቅ ነበር፤ ግን አንቺ እንድትሄጂ አልፈለግኩም» አለኝ። ለካ ስልኩ ከተዘጋ ጨዋታውም እኔም የምንቀርበት መስሎት ነው። እንዲህ ስንል ተስማማን፤ ስንጫወት ስልክ አይኖርም፤ ሲያልቅ ግን እንደዋወልና የሆነውን እናወራለን። እነዚያን ሁለት ሰዎች ይቅርታ ልንጠይቃቸው ፈልገን ነበር፤ ስማቸውን አልያዝነውም፤ ዳግመኛም አላገኘናቸውም።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው ጨዋታው ምን እንደሆነ የገባኝ። በፊት «ምን አለህ?» ብዬ የምጠይቀውን አሁን ከጠረጴዛው ላይ ማንበብ ነበረብኝ። አራት ካለ አንድ ሁለት ትልልቅ ካርታ አለው ማለት ነው። አንድ ዓይነት ካርታ መጥቶ እሱ ሌላ ከጣለ ያ ዓይነት አልቆበታል፤ ያንኑ ደግሜ ባመጣለት በስፔድ መብላት ይችላል። እሱ በትልቅ ካርታ ዙሩን ከያዘው እኔ ትልቁን በላዩ ላይ ማባከን የለብኝም። ስፔዶቹ 13 ናቸው፤ የወደቀውን እቆጥራለሁ። በዚህስ አልታማም፤ በየርክክቡ የፔቲዲን ብልቃጥ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ።

ይህ ሁሉ ለአራታችንም እኩል የሚታይ ነው። ተጋጣሚዎቼም ማየት ይችላሉ። ብልሃትና ማጭበርበር የሚለዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ካርታዬ ለአጋሬ የሚናገረውን ሌሎቹም ይሰሙታል፤ ስልኩ የሚነግረውን ግን እኛ ብቻ ነበርን የምንሰማው።

ነገሩ የትልልቆቹም ፈተና ነው። የስፔድስ ታላቅ ወንድም የሆነው ብሪጅ የዓለም ሻምፒዮና አለው፤ አጋሮች እንዳይተያዩ በጠረጴዛው ላይ መጋረጃ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ1975 ሁለት አጋሮች ከጠረጴዛ በታች በእግር ሲነካኩ ስለታዩ ከታችም እንዲጋረድ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ቦዬ ብሮጌላንድ የተባለ የኖርዌይ ተጫዋች የቀድሞ የቡድን ጓደኞቹን በማጭበርበር በይፋ ከሰሰ፤ ከነሱ ጋር ያሸነፋቸውንም ማዕረጎች አልፈልግም አለ። በኮሮና ጊዜ ውድድሩ ወደ ኢንተርኔት ሲዛወር መጋረጃ የሚባል ነገር ቀረ፤ ሁሉም በየቤቱ ከኅሊናው ጋር ተቀመጠ። እኔና የልጅ ልጄም ያለነው እዚያው ነው።

በብሪጅ ሕግ አጋር ሲያመነታ አይቶ በዚያ መጠቀም እንኳ ክልክል ነው። ይህን ስነግረው «እማማ፣ አንቺ እኮ ሁልጊዜ ታመነቻለሽ» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፤ እኔ ግን የማመነታው መነጽሬን ስፈልግ ነው።

አንድ ቀን ሳንነጋገር የተጫወትነውን ልንገራችሁና ላብቃ። እኔ አራት አልኩ፤ እሱ ዜሮ አለ። አጋር ዜሮ ካለ ሥራችሁ እሱን መሸፈን ነው፤ ትልልቁን እናንተ ትጥላላችሁ፣ እሱ ከሥር ይሾልካል። እኔ የቀይ ልብ አስ ይዤ ነበር። በቀኜ ያለው ተጋጣሚ ትንሽ ቀይ ልብ ጣለ፤ ተራው የኔ ሆነ። አሷን ለኋላ ላስቀምጣት፣ አራቴን ትሞላልኛለች ብዬ ዘጠኝ ጣልኩ። በግራዬ ያለው ሰባት ጣለ። ወደ እሱ ሲደርስ በእጁ የነበረችው ቀይ ልብ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ንጉሡ። ግዴታው ስለሆነ ጣላት፤ ዙሩን በላ፤ ዜሮው ተበላሸ። አሴን ጥዬ ቢሆን ንጉሡ ከሥሯ በሰላም ያልፍ ነበር። ያን ጨዋታ ተሸነፍን።

ስንደዋወል ቁጣ ጠብቄ ነበር። በዚህ ጨዋታ አጋሩን የሚሳደብ፣ ሲሸነፍም ጥሎ የሚወጣ ሰው ሞልቷል። እኔም አንዴ መብራት ጠፍቶብኝ ከመስመር ስወጣ ሸሸች የተባልኩ መስሎኝ አፍሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሞባይል ዳታ ሳልገዛ አልቀመጥም። እሱ ግን ረጋ ብሎ «አስሽን ለምን አስቀመጥሻት?» አለኝ።

«የራሴን ቃል ልሞላ ብዬ» አልኩት።

«እማማ፣ የኔ ዜሮ ያንቺም ቃል እኮ ነው።»

ምን እላለሁ? ልክ ነው። ያን ዜሮ ያለው፣ በስልክ አስ እንዳለኝ ሳልነግረው፣ አራት ከማለቴ ተነሥቶ እንደምሸፍነው አምኖ ነው።

እናንተም የልጅ ልጆቻችሁ ስልክ ላይ ወሬ የሚያልቅባችሁ ከሆነ ጨዋታ አስተምሩን በሏቸው፤ ካርታ ይሁን ዳማ፣ ግድ የለም። ሕጉን ግን አብራችሁ ጠብቁ። ስታጠፉም ለልጁ ራሳችሁ ንገሩት፤ ከዚያ በኋላ እሱም የሚነግራችሁ ነገር ይበዛል። እኛ ካርታው ካለቀ በኋላ በደንብ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ እናወራለን። ባለፈው ቅዳሜ ጨዋታውን ሳናነሣው ነው ሰዓቱ ያለፈው።