የጠፋው ካሴት

ጎጃም በረንዳ ጠዋት ጠዋት የሚሰማው የጋሪ፣ የተሸካሚና የመኪና ጥሩምባ ድምፅ ነው። እኔ ግን ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኔን የምጀምረው በእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። ስልኬ ላይ የጫነችልኝ የልጅ ልጄ ናት።

ባለፈው ሳምንት አብረን ስንሰማ ስለ አባይ የደረሱት ዜማ መጣ። «እማማ፣ ያንቺም እናት የጎጃም ሰው ነበረች አይደል? ምን እያለች ነበር የምታስተኛሽ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

የእናቴን እሹሩሩ በካሴት ቀድቼው ነበር። ጤና ጣቢያ ስሠራ አንድ ቀን ባዶ ካሴት ቸገረኝና የክትባት ሥልጠና ቀዳሁበት። እናቴ በሕይወት ስለነበረች «ሌላ ቀን እቀዳታለሁ» አልኩ። ያ ቀን ሳይመጣ አረፈች። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ክብደትና ሙቀት በካርድ ስመዘግብ ኖሬ፣ የእናቴን ድምፅ በእጄ አጠፋሁት።

የእማሆይን ታሪክ ሳነብ ይኸው ይቆጨኛል። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረው፣ በኋላ መንነው ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ። በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ድርሰቶቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ ገቢውንም ለችግረኛ ልጆች አዋሉት። ከዓመታት በኋላ፣ በ2006፣ በፈረንሳይ የሚታተመው «ኢትዮፒክስ» 21ኛ አልበሙን ለእሳቸው ሰጥቶ 16 ድርሰቶቻቸውን ለዓለም አሰማ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ። ጣታቸው ግን ዛሬም ሰፈራችን ድረስ ይሰማል፤ ያኔ የቀረጸ ሰው ስለነበረ ነው።

ልጅቷ አልተወችኝም። «የምታስታውሺውን ያህል በይው» ብላ ስልኳን አስጠጋችልኝ። ግጥሙ ጠፍቶብኛል፤ ዜማውን በጉሮሮዬ አንጎራጎርኩላት። ሳል ገባበት፣ ከውጭም የመኪና ጥሩምባ ገባበት። «ልድገመው?» ብላት «ተይው፣ እንዲህ ይሁን» አለች።

ወላጆች፣ እናንተም አያቶች፣ ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ስልካችሁን ጠረጴዛው ላይ አኑሩ። የአባት ምርቃት፣ የእናት እሹሩሩ፣ የአያት ተረት ይቀዳ። ስምና ቀን ጻፉበት፤ አንድ ቅጂ ደግሞ ሌላ ልጅ ዘንድ ይቀመጥ። እኔ የነበረኝ አንድ ካሴት ብቻ ነበር።