በንጉሡ ሠ ምትክ

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ በዋለ አንድ ቅዳሜ፣ ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ሦስት የብስኩት ቆርቆሮ በዘንቢል ይዤ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ባለባጃጁ ልጅ ዘንቢሉ ሲንኳኳ ሰምቶ «ጋሼ፣ ብሎን ነው እንዴ የሚሸጡት?» አለኝ። «ገንዘብ ነው የምሸጠው» ብለው ከልቡ ሳቀ። እኔ ግን እውነቴን ነበር።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ 31 ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አብዛኛውን ዘመን እዚሁ ሐዋሳ። ከደመወዜ ላይ እየቆነጠርኩ የገዛኋቸው የጥንት ብሮችና ሳንቲሞች አልጋዬ ሥር ይኖራሉ። ባለቤቴ «ምስጦችህ» ትላቸዋለች፤ ቤቱን ውስጥ ለውስጥ የበሉት እነሱ ናቸውና። የዚያን ዕለት ደግሞ ምስጦቹ የሚክሱበት ቀን ነበር። የባለቤቴ መነጽር ከተሰበረ ሁለት ወር አልፎት በላስቲክ አስራ ነው የምታደርገው፤ አዲሱን ለማሠራት 6 ሺህ ብር ተጠይቀናል። እኔም ሽጬ ልመለስ ቃል ገብቼ ወጣሁ።

መድረሻዬ ባህል አዳራሽ ነበር። በግቢው ውስጥ ባዛር ተዘጋጅቶ ማሩ፣ ቡናው፣ የሸማው ሥራ ሁሉ ተደርድሯል። እኛ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ብንቆጠር ዐሥር አንሞላም። ሌላ ጊዜ የምንገናኘው አንዳችን ቤት ቡና እየጠጣን ነው፤ በዚያ ቀን ግን የበረንዳው ጥግ ተፈቀደልንና ሰባት ጠረጴዛ ዘረጋን።

እንዲህ ያለ ገበያ አይታችሁ የማታውቁ አንባብያን ካላችሁ ላስጎብኛችሁ። የመጀመሪያው ጠረጴዛ የማርትሬዛ ነው፤ አባቶቻችን ጠገራ የሚሉት። ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከሞተች በኋላም ብሩ መልኳንና ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲታተም ኖሯል። ስለዚህ 1780 የሚለውን አይቶ «ዕድሜውን ዐወቅሁ» የሚል ሰው አይኩራራ። ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትሰናዳ በ1927 ዓ.ም. ማተሚያውን ከኦስትሪያ ተረክባ ሮም ላይ አሳትማዋለች። ያገራችን ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ አይሞኝም ነበር። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ አስጠግቶ ዕንቁዎቹን ይቆጥራል፤ ዘጠኙ በደንብ ካልታዩት ብሩን ይመልሳል።

ቀጥሎ የምኒልክ ብር ይመጣል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ስለ ገንዘባቸው አዋጅ አውጥተው በኋላ በፓሪስ ያሳተሙት ነው። ሕዝቡ የለመደው ጠገራን ስለሆነ የብሩም ክብደት ከሱ ጋር ተስተካክሎ 28 ግራም ገደማ ሆነ። በጀርባው ያለው አንበሳ በአንዳንዱ ዓመት ግራ እግሩን፣ በሌላው ቀኝ እግሩን አንሥቷል፤ እኛ ሰብሳቢዎች በዚህ እግር ስንከራከር መሽቶብን ያውቃል። ከዚያ 1923 ዓ.ም. የሚሉት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ማቶናዎች፣ ከዚያ 1936 የሚሉት ሳንቲሞች ይከተላሉ። ከነዚህ ተፈላጊው ክቡ ስሙኒ ነው። ስሙኒ ሲወጣ ክብ ነበር። ከብር ከተሠራው ሽልንግ ጋር በመጠን ስለሚቀራረብ፣ ብር እየቀቡ በሽልንግነት የሚያሳልፉ ስለተገኙ ጠርዙ እንደ አበባ ተሸነሸነ፤ በኛ ዘንድ የሚነገረው እንዲህ ነው። በመጨረሻ የአንበሳ ራስ ብቻ ያለባቸው የ1969ኙ ሳንቲሞች አሉ። እነዚህን በላስቲክ ቋጥሮ «ሚሊዮን ያወጣል ሲባል ሰምቼ» እያለ የሚመጣው ሰው ብዛቱ! ሁሉንም ሻይ ጋብዘን እንሸኛለን።

ረፋድ ላይ አንድ ጎልማሳ የክብሪት ሳጥን ይዞ መጣ። ሲከፍተው ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ አረንጓዴ ዝገት የበላት የመዳብ ሳንቲም ናት፤ በመካከሏ መስቀል ይታያል። የአክሱም መሆኗ ነው። አክሱም ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ የራሷን የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘብ አትማለች። በንጉሥ ኢዛና ዘመን ጨረቃና ክቡ ምልክት ወርዶ መስቀል የወጣውም በነዚሁ ገንዘቦች ላይ ነው። «ስንት ይሰጡኛል?» አለኝ ሰውዬው። የአስተማሪ አመሌ ተነሣብኝ። አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ጠቅሼ፣ ከመሬት የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይነገራል እንጂ በባዛር እንደማይቸበቸብ፣ የተገኘበት ስፍራ ራሱ ታሪክ እንደሆነ፣ እውነተኛ ሰብሳቢ ከምንም በፊት ታማኝ መሆን እንዳለበት ሩብ ሰዓት ሙሉ ሰበክሁት። ሰውዬው ክብሪቱን ዘግቶ ሄደ። ወደ ባህል ቢሮ ይሂድ ወደ ሌላ ገዢ አላውቅም። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ። አንባቢ ይህን ደረት ልብ ይበልልኝ፤ ከሰዓት በኋላ ይተነፍሳል።

ገበያው መጥፎ አልነበረም። ከዲላ የመጡ ባልና ሚስት ለልጃቸው ሠርግ ሁለት ጠገራ በ4,800 ብር ወሰዱ። የ1936ቱን ሳንቲሞች አንድ ላይ በ900፣ ጥቂት የቆዩ የወረቀት ብሮችን በ1,500 ሸጥኩ። ታዲያ ዕብደት ዕብደት ነውና አራት ማቶና አይቼ ማለፍ አቃተኝ፤ 400 ብር አወጣሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ኪሴ ውስጥ 6,800 ብር ነበር። መነጽሩ ተገኘ፤ ለዓሣ መግዣም ይተርፋል።

ከኔ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ከመካከላችን በዕድሜ የሚያንሰው ልጅ ተቀምጧል። ኮምፒውተር እየጠገነ ይኖራል፤ ሳንቲም መሰብሰብ ከጀመረ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። በላስቲክ ቤት ያስቀመጣት አንዲት የምኒልክ ብር ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ገዢ ከአዲስ አበባ መጥቶ ይመለሳል። 9 ሺህ እሰጣለሁ ብሎኛል። ግን ‹መምህሩ አይተው ደህና ናት ካሉ ነው› አለኝ። እስቲ ይዩልኝ።»

ተቀበልኩት። 1889 ዓ.ም. የሚለው በግዕዝ አኃዝ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ አንበሳውም ያምራል። አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ያለውን ጽሑፍ ከግራ ጀምሬ አነበብኩ። ዳግማዊ፣ ምኒልክ፣ ንጉ... ከዘውዱ በላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ንጉሰ ይላል። ንጉሠ አይደለም፤ ንጉሰ።

ፊደል የቆጠረ ሁሉ እንደሚያውቀው ይኸኛው ሠ ንጉሡ ሠ ይባላል፤ ያኛው ደግሞ እሳቱ ሰ። «ንጉሥን በእሳቱ ሰ ከጻፍክ ንጉሡን አቃጠልከው» እያልኩ ስንቱን ተማሪ የቀጣሁበት ፊደል ነው። የፓሪሱ ማተሚያ ቤት ይህን አልተሳሳተም። የተሳሳተው አንድ አንጥረኛ ነው። አንጥረኛውንም ዐውቀዋለሁ፤ የቀጠርኩት እኔ ነኝ።

ያቺ ብር የአክስቴ ነበረች። እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ብሯን አስበስታ በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ታስራት ነበር፤ ሊጥ ስታቦካ ወደ ጀርባዋ ትገፋታለች፤ ስታቅፈኝ ጉንጬን ትቀዘቅዘኛለች። በ1992 ዓ.ም. ስታርፍ ብሯ ለኔ ደረሰች። በ1996 ዓ.ም. ልጄ ኮሌጅ ልትመዘገብ ገንዘብ ጎደለኝ። ለአንድ ገዢ ባሳየው «የተበሳ ብር በሚዛን ነው የሚሸጠው፤ 150 እሰጥሃለሁ። ባይበሳ ኖሮ 600 ነበር» አለኝ። በማግሥቱ ለአንጥረኛ 40 ብር ከፍዬ ቀዳዳውን በብር አስደፈንኩ። ቀዳዳው የበላውን ፊደል መልሶ እንዲቀርጸው ነገርኩት፤ የትኛው እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። ሲያስረክበኝም ዓይኔ ያለው የቀዳዳው መጥፋት ላይ ስለነበር አላነበብኩትም። ለሌላ ሰው ደህና ናት ብዬ በ600 ሸጥኳት። ልጄ ተመዘገበች። እኔም ረሳሁ፤ ቢያንስ የረሳሁ መሰለኝ። «ዞሮ ዞሮ ከቤት» እንዲሉ፣ በሃያ ዓመቷ ስንቱን እጅ ዞራ መዳፌ ላይ ተቀመጠች።

«እ፣ ጋሼ?» አለ ልጁ።

ከአፌ የሚፈለገው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «ደህና ናት»። ልጁ ያተርፋል፤ ገዢው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ የኔም ስም እንደተከበረ ይኖራል። ማን ያነበዋል? ሃያ ዓመት ሙሉ ያላነበቡት ሰዎች ናቸው። ይህን እያሰላሁ ሳለ ገዢው ደረሰ። ትልቅ ሰው ነው፤ በጨዋ ደንብ እጅ ነሥቶ «እርስዎ ካሉ እኔ ሌላ መርማሪ አልፈልግም» አለኝ።

አሁን ሳስበው ያናገረኝ ጨዋነት አይደለም። ጧት ያንን ባለክብሪት ስሰብከው ልጁ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ካሰርኩት ከራሱ ስብከት ያመለጠ ሰው የለም።

«ተበስታ የተደፈነች ናት» አልኩ።

ገዢው አጉሊ መነጽሩን ተቀበለኝ። ፊደሉን ሳሳየው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ብሯን በቀስታ ለልጁ መልሶ፣ አመስግኖኝ ሄደ። የልጁ ፊት ዐመድ መሰለ። «እኔ እኮ 6,500 ነው የገዛኋት» አለ፣ ለኔ ሳይሆን ለጠረጴዛው።

«ያስደፈንኳት እኔ ነኝ» አልኩት። የቀረውንም ነገርኩት፤ አክስቴን፣ ኮሌጁን፣ አንጥረኛውን። ከኪሴ 6,500 ብር ቆጥሬ አስቀመጥኩለት። አልተግደረደረም፤ ደግሜ ልቁጠረው ብሎ ቆጠረ፣ ሦስተኛም ቆጠረ። ደግ አደረገ። ከኔ ዓይነት ሰው ገንዘብ የሚቀበል ሰው መቁጠር አለበት። ብሯን ወደኔ ገፍቶ ከተነሣ በኋላ ዞር አለና፣

«ጋሼ፣ ባልጠይቅዎትስ ኖሮ?» አለኝ።

እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። ያን ቀን ማለዳ ጠረጴዛው ላይ ተደርድራ አይቻታለሁ፤ በሩቁ «ታምራለች» ብዬ ነው ያለፍኩት።

ዕቃዬን ስሰበስብ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበር። የኛ የሰብሳቢዎች ሕግ ቀዳዳን ጉዳት ይለዋል፤ የዋጋ መዝገቦችም የተበሳውን ከመጨረሻው ተርታ ነው የሚያስቀምጡት። ነገር ግን የመጀመሪያው ባንካችን፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው በ1898 ዓ.ም. ነው፤ አክስቴ ደግሞ ከዚያ በኋላ ተወልዳ፣ አርጅታ እስክትሞት ባንክ ገብታ አታውቅም። ባንኳ አንገቷ ነበር። ከፓሪስ ተጭነው የመጡት ብሮች ሁሉ አንድ መልክ ነበራቸው፤ ይቺ ግን የአክስቴ የሆነችው የተበሳች ዕለት ነው። እኔ በ40 ብር ያስደፈንኩት ጉዳት መስሎኝ ነበር፤ ያስደፈንኩት አክስቴን ነው።

ማታ ቤት ስገባ ዘንቢሉን አስቀምጬ የሆነውን ሁሉ ለባለቤቴ ነገርኳት። ስለ መነጽሩ ምንም አላለችም። እንዲያውም ቆጣ ብትል ይቀለኝ ነበር። ብሯን ተቀበለችኝና ወደ አምፖሉ አስጠጋች፤ በላስቲክ የታሰረው መነጽር ግን አላሳያትም። ከዚያ ዓይኗን ትታ በአውራ ጣቷ ዳር ዳሩን ዳሰሰችው። ከዘውዱ በላይ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ ጋ ነበር ክሩ» አለች።

መነጽሩ በሚቀጥለው ወር የቀሩኝ ጠገራዎች ተሸጠው ተሠራ። ብሯ ግን ከእንግዲህ አትሸጥም። መልሼ ላስበሳት አስቤ ነበር፤ ባለቤቴ «ይበቃታል፣ ተዋት» ስላለች ተውኩት። በቆርቆሮዬ ውስጥ እያንዳንዱ ሳንቲም ምንነቱን የሚነግር ወረቀት አለው፤ ለሷም ጻፍኩላት። «የምኒልክ ብር፣ 1889 ዓ.ም.። የተበሳ። በ1996 ዓ.ም. የተደፈነ። ንጉሠ በእሳቱ ሰ።» ከሥሩ የአክስቴን ስም ከነአባቷ ጻፍኩ፤ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ያስደፈነውን ሰው ስም።