ባለአራት ኮከብ እንግሊዝኛ

የምሠራው በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነው። የቅጥር ማስታወቂያ ባወጣን ማግስት ኢሜይላችን በሲቪ ይጥለቀለቃል። ድሮ ሁሉም አንድ መልክ ነበረው፤ ነጭ ወረቀት፣ ጥቁር ጽሑፍ፣ ጥግ ላይ የተለጠፈች ጉርድ ፎቶግራፍ። ካንቫ በየስልኩ ከገባ ወዲህ ግን ዘመኑ የቀለም ሆኗል። በግራ በኩል ከላይ እስከ ታች የወረደ ባለቀለም ዓምድ፣ ከስልክ ቁጥሩ ጎን የስልክ ሥዕል፣ ከኢሜይሉ ጎን የፖስታ ሥዕል፣ በክብ ውስጥ የገባ ፎቶ፣ ከሥሩ ደግሞ ችሎታ የሚለኩ ኮከቦች።

ማማሩን አልክድም። የሚያስቸግረኝ ኮከቡ ነው። «እንግሊዝኛ፦ አራት ኮከብ» ይላል። ማን ሰጠው? ሆቴል እንኳ ኮከብ የሚያገኘው በመዛኝ ተፈትሾ ነው። «ኤክሴል 85 በመቶ» የሚል ሳይ ደግሞ ልቤ የሚሄደው ወደ ቀረችው 15 በመቶ ነው።

የእህቴ ልጅ ሲቪም እንደዚያው ነበር። በአካውንቲንግ ከተመረቀች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። መጀመሪያ ላይ እናቷ ማታ ማታ «ዛሬስ?» ትላት ነበር፤ አሁን መጠየቁን ትታዋለች። ለልጅቷ ከጥያቄው ይልቅ ዝምታው ብሶባታል። አንድ እሑድ ከቡና በኋላ ስልኳን አቀበለችኝ። አረንጓዴ፣ ጽድት ያለ ሥራ ነው። እንደ ስልክ ባትሪ የተሞሉ ስድስት መስመሮች፣ አሥር ትንንሽ ሥዕሎች። የሥራ ልምድ የሚለው ሥር ግን ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የቤተሰብ ንግድ ማገዝ»።

«ማገዝ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኳት።

እህቴ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላት። ለካ ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ የዱቤ ደብተሩን የምትይዘው ልጅቷ ናት። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ደብተሩን እንዳለ ወደ ኤክሴል አዛወረችው። የሽያጭና የግዢ ደረሰኞችን በየወሩ የምታመሳክረው እሷ፤ ሦስት ዓመት ተረስቶ የቆየ የአንድ ኮንትራክተር የ18,000 ብር ዕዳ ያገኘችው እሷ። ይህ ሁሉ 85 በመቶ በምትል አረንጓዴ መስመር ውስጥ ተቀብሮ ነበር።

«ለምን አልጻፍሽውም?»

«አክስቴ ደግሞ! እሱ ሥራ ነው እንዴ? የእማዬ ሱቅ እኮ ነው።»

ብዙው ጌጥ የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ልጆቻችን የሚጻፍ ነገር የለንም ብለው ያምናሉ፣ ባዶ የመሰላቸውን ቦታ በሥዕል ይሞሉታል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን የሚያህል ሠዓሊ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1482 አካባቢ ለሚላኑ ገዢ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ባዘጋጀው ማመልከቻ፣ ድልድይ፣ መድፍ እያለ መሥራት የሚችለውን በቁጥር ዘርዝሮ ነው የጻፈው። ሥዕል መቻሉን ያነሳው መጨረሻው አካባቢ ነው። ሙያቸው ግራፊክስ ወይም አርክቴክቸር ለሆነ ሰዎች ነገሩ ይለያል፤ እነሱም ቢሆኑ የሥራ ናሙናቸውን ለብቻው ቢያያይዙት ይሻላል።

ሌላም ጣጣ አለ። ብዙ ማመልከቻ የሚቀበሉ ትልልቅ ድርጅቶች ሲቪውን መጀመሪያ የሚያስነብቡት በሶፍትዌር ነው። ኮከብ ለሶፍትዌሩ ችሎታ አይነግረውም፤ ሁለት ዓምድ ጎን ለጎን ሲያገኝም የግራውን ከቀኙ ሊደባልቅ ይችላል። ቤታችሁ ሥራ ፈላጊ ካለ ይህን ሞክሩ፦ የሲቪውን ጽሑፍ በሙሉ ኮፒ አድርጋችሁ ወደ ራሳችሁ ቴሌግራም ላኩት። የእህቴ ልጅ ስትሞክረው የዩኒቨርሲቲው ስም ከስልክ ቁጥሯ መሀል ገብቶ ተገኘ። በጥቁርና ነጭ ፕሪንተር ሲወጣ ደግሞ ያ የሚያምር አረንጓዴ ዓምድ ጥላሸት የመሰለ ግድግዳ ሆነ፤ በላዩ ያለው ኢሜይል አይነበብም።

የተከራከርንበት ፎቶው ላይ ነው። ከእኔና ከእሷ ይልቅ የተከራከርነው እኔና እህቴ ነን። «ፊቷን ሳያዩ እንዴት ይቀጥሯታል?» ትላለች። ፎቶው የምርቃት ጋውን የለበሰችበት፣ ሳሎን ውስጥ የተሰቀለው ነው። በአሜሪካና በብሪታንያ ሲቪ ላይ ፎቶ አይለመድም፤ አድልዎ ይፈራል። እኛ ዘንድ አሁንም ጉርድ ፎቶ አያይዙ የሚል ማስታወቂያ አለ፤ ከተጠየቀ ይያያዝ። ሳይጠየቅ ግን ለምን? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጾታም ሆነ በሃይማኖት ማዳላትን ይከለክላል። ነገር ግን ዓይን በመጀመሪያዋ ሰከንድ ያደረገውን ማን ይመሰክርበታል? «ይቺ ለእንግዳ መቀበያ ትሆናለች»፣ «ይቺ ልጅ ትመስላለች» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያኔ የትምህርት ማስረጃቸው ገና አልተገለጠም ነበር።

ፎቶው ወጣ። ኮከቡም ወጣ። ከስሟ ሥር አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር ብቻ ቀረች፤ እሷን አላስነካም አለች፣ እኔም አልተጫንኳት። ሱቁ በሥራ ልምድ ቦታ ከነዓመታቱ በአምስት ዐረፍተ ነገር ተጻፈ። በአዲሱ ሲቪ ስድስት ቦታ አመልክታ እስካሁን ለአንድ የጽሑፍ ፈተና ተጠርታለች።

እህቴ አዲሱን ሲቪ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። 18,000 ብር የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«የሱቃችንን ገመና ለማያውቁት ሰው ለምን ትነግሪያለሽ?» አለቻት።

«እማዬ፣ የጻፍኩት መገኘቱን ነው» አለች ልጅቷ። «ማን እንደወሰደው አልጻፍኩም።»