ከምን ጎደለ?

ሰኔ መጨረሻ ላይ ከሚሴ ውስጥ የተማሪ ካርድ የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው። አባት ቁጥሩን ያያል፣ እናት «ስንተኛ ወጣህ?» ትላለች፣ አያት ደግሞ የልጁን ፊት ያነባል። ከዚያ አንዱ ከቤቱ ሰው ቃል ይወረውራል። ቁጥሩ በዓመቱ ይረሳል፤ ቃሉ ግን ከልጁ ጋር አብሮ ያድጋል።

አፋችን ላይ የምትቀርበው ቃል «ሰነፍ» ናት። ታሞ ወር ሙሉ የቀረውም፣ መጽሐፍ ያልደረሰውም፣ ቋንቋው የከበደውም፣ እውነትም ያላጠናውም ሁሉም ሰነፍ ይባላል። ይህ የሆነው አማርኛ ቃል አጥሮት አይደለም። ስለ እህል፣ ስለ ወጥ፣ ስለ ጨርቅ ስንናገር ያነሰ፣ የጎደለ፣ የሳሳ፣ ያልበሰለ፣ ያልበቃ፣ እንከን ያለበት እያልን እንለያለን። ልጅ ጋ ስንደርስ ነው አንዷን ብቻ ይዘን የምንቀረው።

ይህን ያሳሰበኝ የልጅ ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ነው። ሁሉም በጥቅሉ «ያልበቃ ነገር» የሚሉ የሚመስሉ ቃላት ተሰጥተውት ልዩነታቸውን ፈልግ ተብሏል። አብረን ተቀመጥን። «ኢንሳፊሸንት» መጠኑ ያልበቃ ነው፤ ለዓመት ቀለብ የማይደርስ ማሽላ ዓይነት። «ኢንአዲኩዌት» ለታሰበለት ጉዳይ የማይመጥን ነው፤ እግር የማይሸፍን ብርድ ልብስ። «ኢንኮምፕሊት» ያላለቀ ነው፤ ጣሪያ የሚጠብቅ ቤት። «ዲፊሸንት» አንድ የሚያስፈልግ ነገር የጎደለው ነው፤ ሐኪሞች የብረት ወይም የአዮዲን እጥረት ሲሉ በእንግሊዝኛ የሚጠቀሙት የዚህን ቤተሰብ ቃል ነው። «ሰብስታንዳርድ» አስቀድሞ ከተወሰነ ደረጃ በታች የሆነ ነው። ከሁሉ የገረመኝ «ሚዲዮከር» ነው። ዛሬ «እንዲያው ተራ» የሚል የንቀት ቃል ቢሆንም የላቲን ሥሩ ተራራ ወጥቶ ወገቡ ላይ የደረሰን ያመለክታል። ከቦርከና ሸለቆ ተነስቶ ወደ ደጋ የወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ወገቡ ላይ የደረሰ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

የቃላቱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ምን እንደሚደረግ ይናገራል። ያነሰ ይጨመርለታል፣ ያላለቀ ይጨረሳል፣ የጎደለው ይሟላል። «ሰነፍ» ግን ምንም አያመለክትም፤ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል።

እንግሊዝኛም ቢሆን የሚያስቀይም ቃል አያጣም። ከዝርዝሩ ውስጥ «ፑር» የሚል ነበረበት። ባለቤቴ ምን ማለት እንደሆነ ስትጠይቅ ልጁ «ድሃ ማለት ነው፤ ውጤቱ የማይረባንም እንደዚያ ይሉታል» አላት። «ድሃ መሆናችንንማ ያለ ካርድም እናውቀው የለ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ውስጥ ግን ቁም ነገር አለ፤ የኪስን ማነስና የሥራን ማነስ በአንድ ቃል መጥራት የኖረ ልማድ ነው።

በሁለቱ የቤታችን ቋንቋዎች የማደንቀው ቃል ደግሞ «ደካማ» የሚለው ነው። በአማርኛ «ደካማ» እና «ደከመ» አንድ ሥር አላቸው። በአፋን ኦሮሞም «ደዸባ» ሲባል ደካማ ነው፣ «ደዸቤ» ሲባል ደከመ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ደካማ የተባለው ልጅ ምናልባት የደከመው ሊሆን እንደሚችል ያስታውሱናል። የደከመው ደግሞ ያርፋል፣ ይታገዛል፣ እንደገና ይነሳል።

የሰኞ ገበያዋ በታወቀው ባቲ እህል ተሰፍሮ ቢጎድል ማንም እህሉን ሰነፍ አይለውም። ሰፋሪውን ይጠይቃል፤ መስፈሪያውንም ያያል። ቁርአን ውስጥ 83ኛው ምዕራፍ፣ ሱረቱል ሙጠፊፊን፣ ስሙን ያገኘው ስፍር ከሚያጎድሉ ሰዎች ነው። ለራሳቸው ሲሰፈር ሞልተው የሚቀበሉ፣ ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉ ይወቀሱበታል። ልጆቻችንን ስንመዝን ይህ ጥያቄ ለምን ይቀራል? የጎደለውን ማን አጎደለው?

በዞናችን አንድ ልጅ በአፋን ኦሮሞ ትምህርት ይጀምራል፣ አማርኛን ይማራል፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ያገኘዋል። በ2012 ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። በ2014 መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ መጣ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር የልጁ ብቻ አይደለም።

አገሪቱም በዚያው ሚዛን ላይ ወጥታ ነበር። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላዩ ሰነፍ ነው የሚል ሰው ካለ ስለ ልጆቹ ሳይሆን ስለ ቃሉ ይጠየቅ። ያን ጊዜ መንግሥት ከማለፊያው በታች ከቀሩት ውስጥ የተሻሉትን ወደ ዩኒቨርሲቲ ወስዶ ሲያስተምር ፕሮግራሙን «ሬሜዲያል» አለው። ቃሉ የመጣው ከፈውስ ነው፤ በአማርኛ «የአቅም ማሻሻያ» ተባለ። ፕሮግራሙ ይብቃ አይብቃ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስሙ ግን ጉድለት የሚታከም ነገር መሆኑን አምኗል።

ይህን የምለው ያላጠና ልጅ አይገሠጽ ለማለት አይደለም። ስልክ ላይ ያደረን ልጅ «አላጠናህም» ማለት ተገቢ ነው። «አላጠናህም» የሠራውን ይናገራል፤ ነገ ሊያስተካክለው ይችላል። «ሰነፍ ነህ» ግን ማንነቱን ይነግረዋል።

ስለዚህ እኛ ቤት አሁን ካርድ ሲመጣ ጥያቄው ተለውጧል። የልጅ ልጄ በእንግሊዝኛ 46 አምጥቶ ሲመጣ አያቱ «ከምን ጎደለ?» አለችው። ትንሽ አሰበና «ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፤ አንቀጹን አንብቤ ሳልጨርስ ሰዓቱ ያልቅብኛል» አለ። እንግዲህ የሚያንሰው የንባብ ፍጥነት ነው። በዚህ ክረምት ከመግሪብ በኋላ በየቀኑ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነብልናል። እኛ ቃሉ ባይገባንም የት ላይ እንደሚደናቀፍ ጆሯችን ይሰማል።