ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት እኛ ሴቶች ምን እናስባለን?

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ሁላችንም እናቶቻችን ሲናገሩት እየሰማን አድገናል። ነገር ግን ተረቱን ማወቅና በተረቱ መሥራት ለየቅል ናቸው። እኛ የተቋማችን ሴት ዕጩ መምህራን ዛሬ በዚህ ግድግዳ ላይ የምናነሣው ጉዳይም ይኸው ነው። በቅጠል ሊጠፋ እየቻለ የብዙ ሰው ቤት ያቃጠለ አንድ በሽታ አለ። ስሙ ቲታነስ ይባላል። ያገራችን ሰው መንጋጋ ቆልፍ ይለዋል።

እንደሚታወቀው የዚህ በሽታ ጀርም የሚኖረው በአፈርና በእንስሳት እበት ውስጥ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የሚገባው በቁስል በኩል ነው። ከገባ በኋላ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም ነርቭን ይይዝና ጡንቻን ያኮማትራል። ለተወለደ ሕፃን ደግሞ ክፍት ቁስሉ እትብቱ ነው። እትብቱ ባልተቀቀለ ምላጭ ከተቆረጠ፣ ወይም ከተቆረጠ በኋላ ቅቤ ወይም እበት ከተቀባ ጀርሙ መግቢያ በር አገኘ ማለት ነው። ሕፃኑ ሲወለድ ደህና ነው፤ ያለቅሳል፤ ጡት ይጠባል። ከሦስተኛው እስከ ሃያ ስምንተኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ግን መጥባት ያቅተዋል፤ አፉ ይገጥማል፤ ሰውነቱ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ሲነኩት ይንዘፈዘፋል። ሕክምና ካላገኘ የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። እናቲቱም ራሷ ንጹሕ ባልሆነ እጅና መሣሪያ ከተዋለደች ልትያዝ ትችላለች።

ከመካከላችን የአንዷ እናት ከእርሷ በፊት ሁለት ወንዶች ልጆች ወልደው ነበር። ሁለቱም በደህና ተወልደው፣ ጡት ጠብተው፣ ሳምንት ሲሆናቸው አፋቸው ገጥሞ ሞቱ። ጎረቤት «ሾተላይ ነው» አለ። ክታብ ታሰረ፤ ስለት ተሳለ። በሦስተኛው እርግዝና ግን አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤታቸው ድረስ መጥታ፣ በወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ከተበቻቸው። ጓደኛችንም ተወለደች፤ አደገች፤ ዛሬ ከእኛ ጋር ትማራለች። የወጣላትም ስም የካሣ ስም ነው።

የሁለቱን ሕፃናት ሞት መርምሮ ያረጋገጠ ሐኪም ስላልነበረ ምክንያቱ ይህ ነው ብለን መማል አንችልም። በእናትና በልጅ የደም ዓይነት አለመጣጣም የሚመጣ፣ ሕዝቡ ሾተላይ የሚለው ሕመምም በእርግጥ አለ። ነገር ግን ሕፃን ሁለት ሦስት ቀን በደንብ ከጠባ በኋላ ድንገት አፉ ሲገጥም፣ ዋናው የመንጋጋ ቆልፍ ምልክት ይህ ነው። እኚህ እናት «ያን ጊዜ የነገረኝ ሰው ቢኖር!» ይላሉ። ይህን ከአፋቸው የሰማ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ ይከብደዋል።

ለማስተማር ልምምድ ወደ ገጠር በወጣን ጊዜ ከቡና አፍይዎችና ከውኃ ቀጂዎች ጋር ስለዚሁ ነገር ብዙ ተጨዋውተናል። እንደሰማነው ከሆነ ክትባቱን አጥብቆ የሚጠላ ሰው ብዙ አይደለም። የሚበዛው በወሬ የሚጠራጠር፣ ወይም «የእኔ ጉዳይ አይደለም» የሚል ነው።

አንደኛ፣ «እናቴ አሥር ስትወልድ ማን ከተባት?» የሚሉ አሉ። እኛም «እማማ፣ ከአሥሩ ስንቱን አሳደጉ?» ብለን አንዲት ሴት በጠየቅን ጊዜ ዝም አሉ። የወለዱትን ቁጥር ወዲያው ነግረውን ነበር፤ የቀበሩትን ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

ሁለተኛ፣ «መርፌው ያመክናል» የሚል ወሬ አለ። ወሬው ከየት መጣ ብለን ስናስብ አንድ ነገር ታየን። በአንዱ ጤና ኬላ፣ በአንዷ ሠራተኛ እጅ፣ የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይሰጣል። ሁለቱም ክንድ ላይ ይወጋሉ። ታዲያ ያልተነገራት ሴት ብታምታታቸው ምን ያስገርማል? ክትባቱ ግን ጉዳት እንዳያደርስ ተደርጎ የተዘጋጀ የዚያው የጀርሙ መርዝ ነው። ሰውነት እርሱን አይቶ መከላከያ ይሠራል። ከማሕፀን ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ተከትበው ከዚያም በኋላ ደጋግመው የወለዱ እናቶች በየመንደሩ ሞልተዋል።

ሦስተኛ፣ «አንዴ ተወግቻለሁ፤ ይበቃኛል» የሚሉ አሉ። አንዱ ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ቢያንስ 6 ወር፣ አራተኛውና አምስተኛው ደግሞ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ አንድ ዓመት ቆይተው ይሰጣሉ። ሁለቱን የወሰደች ሴት ከ1 እስከ 3 ዓመት፣ ሦስቱን የወሰደች ቢያንስ 5 ዓመት፣ አራቱን የወሰደች ቢያንስ 10 ዓመት ትጠበቃለች። አምስቱን የጨረሰች የመውለጃ ዘመኗን በሙሉ ትጠበቃለች። መከላከያውም በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ስለሚያልፍ ሕፃኑ ተጠብቆ ይወለዳል። ለነፍሰ ጡር ሁለተኛው መርፌ ከመውለዷ ቢያንስ 2 ሳምንት አስቀድሞ መሰጠት አለበት።

አራተኛው እኛን ራሳችንን የሚነካ ነው። «ክትባቱ የእርጉዝ ነው» ይባላል። በዚህም የተነሣ አንዲት ያላገባች ልጅ ወደ ጤና ኬላ ስትገባ ከታየች «ምን ሆና ነው?» የሚል ምላስ ይከተላታል። ልጅቱም ወሬውን ፈርታ ትቀራለች። ኧረ ለመሆኑ ክትባቱ የታሰበው ለማን ነው? ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶች ሁሉ ነው፤ ያገባች ያላገባች፣ ያረገዘች ያላረገዘች አይልም።

ውድ አንባብያን! ነገሩ ተስፋ የሌለው አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ1988 በዓለም 787,000 ያህል አራስ ሕፃናት በዚህ በሽታ ሞተዋል፤ በ2018 ቁጥሩ ወደ 25,000 ወርዷል። በአገራችን የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ኢትዮጵያ የእናቶችንና የአራስ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ ተረጋገጠላት። ማስወገድ ማለት ግን በየወረዳው በዓመት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት የሚያዘው ከአንድ በታች ሆነ ማለት እንጂ ጠፋ ማለት አይደለም። ጀርሙ በአፈር ውስጥ ስለሚኖር ሊጠፋ አይችልም። የጎረቤቴ መከተብም እኔን አያድነኝም፤ እያንዳንዷ ሴት ለራሷ መከተብ አለባት። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት የመጨረሻ ልጃቸው ከመንጋጋ ቆልፍ ተጠብቆ የተወለደላቸው እናቶች ግማሽ ያህል ብቻ ነበሩ። በ2019ም በጤና ድርጅት የተወለዱት ከመቶ 48 ነበሩ።

እኛ ተመርቀን የምንመደበው ወዴት ነው? ብዙዎቻችን መንገዱ በክረምት ወደሚቆረጥበት ገጠር ነው። እዚያ እናስተምራለን፤ እዚያ እናገባ ይሆናል፤ እዚያ እንወልድ ይሆናል። ምጥ ደግሞ ጎርፍ እስኪጎድል አይጠብቅም። አስቀድሞ ክንዳችን ላይ የተወጋው መከላከያ ግን የትም ብንሄድ አብሮን ይሄዳል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። እያንዳንዳችን ስንት ጊዜ እንደተከተብን እንወቅ፤ የክትባት ካርዳችንንም እንደ ትምህርት ማስረጃችን እንጠብቅ። በልጅነታችን የወሰድነውም በካርድ ከተያዘ ይቆጠርልናልና ካርዱን ከቤተሰብ እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ከትምህርት ነፃ በምንሆንበት ግማሽ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ለየብቻ ሳይሆን አብረን እንሂድ። አንዷን ብቻዋን ያየ ምላስ ያማል፤ የመኝታ ክፍሉ ሴት ሁሉ ተሰልፎ ሲሄድ ያየ ግን ምን ብሎ ያማል? ሦስተኛ፣ ነገ በምናስተምርበት ክፍል ለሴቶቹ ብቻ ሳይሆን ለወንዶቹም እንንገር። «ባሌ ካልፈቀደ አልሄድም» ያሉን ሴቶች ጥቂት አልነበሩም፤ ያ ባልም ትናንት የአንድ መምህር ተማሪ ነበረ።

ወንድሞቻችን ዕጩ መምህራንም ይህን ጽሑፍ «የሴቶች ነገር» ብላችሁ አትለፉት። ሚስትም እኅትም አላችሁ ወይም ይኖራችኋል። ዛሬ ማታ እቤታችሁ ስትደውሉ «ስንተኛውን ተከተብሽ?» ብላችሁ ጠይቁ።