ሃምሳ ሎሚና አንዲት የቀለም ጠብታ

ማተሚያ መሣሪያ ግራጫ አያውቅም። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ ወዳጆች አሉ፤ «ታዲያ ጋዜጣው ላይ የማየው ደመና ምንድን ነው?» ይሉኛል። የሚያዩት ደመና ሳይሆን የጥቁር ነጠብጣብ ጥርቅም ነው። መሣሪያው የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ቀለሙን ጠብ ማድረግ ወይም አለማድረግ። ደብዘዝ ያለ፣ ጠየም ያለ፣ ፈካ ያለ የምንለውን ሁሉ የሚሠራልን የራሳችን ዓይን ነው። መሶብ ሲሰፋ ያየ ሰው በዚህ አይደነቅም። ቀይና ቢጫ አለላ ጎን ለጎን በደቃቁ ተሰፍቶ ከሩቅ ሲታይ ብርቱካንማ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉት ግን ቀዩም ቀይ፣ ቢጫውም ቢጫ ነው።

ጋዜጠኝነት ስማር አንድ መምህራችን የጋዜጣ ፎቶግራፍ በአጉሊ መነጽር አሳይተውን ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1880 የኒው ዮርኩ «ዴይሊ ግራፊክ» ጋዜጣ የደሳሳ ጎጆዎች ሰፈር የሚያሳይ ፎቶግራፍ ሲያትም፣ ሥራውን የመራው ስቲቨን ሆርጋን የተጠቀመበት ዘዴ ምስሉን በነጠብጣብ መበተን ነበር። ጨለማው ባለበት ነጠብጣቡ ይወፍራል፤ ብርሃኑ ባለበት ይቀጥናል። መጽሔቶች ዛሬም በአብዛኛው በዚሁ ሕግ ያድራሉ፤ ነጠብጣቡ በረድፍ ይቆማል፣ ልዩነቱ በውፍረቱ ነው።

ኢንክጄት የተባለው ማተሚያ ግን ይህ ሕግ አልተመቸውም። ስለ አጀማመሩ ከሚነገሩት አንዱ የጃፓኑ የካኖን ኩባንያ ታሪክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 አንድ ተመራማሪ የጋለ መበየጃ ቀለም የሞላበትን መርፌ ነክቶበት፣ ቀለሙ ፊጭ ሲል አይቶ ሐሳቡ መጣለት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ኤፕሰን ስታይለስ ከለር ደግሞ በአንድ ኢንች ውስጥ 720 ነጥብ ማሳረፍ ቻለ፤ በአንዲት ካሬ ኢንች ላይ ከ518 ሺህ በላይ ቦታ ማለት ነው። ሆኖም ጠብታዋን እንደ ልብ ማወፈርና ማቅጠን አይቻልም። በኋላ የመጡት ማተሚያዎች ጥቂት የጠብታ መጠኖችን ቢለምዱም ጥያቄው አልተለወጠም፦ ጠብታዋ የት ትረፍ?

የመጀመሪያው መልስ የሰነፍ መልስ ነው። ኮምፒዩተር ለብርሃን ቁጥር ይሰጣል፤ ድፍን ጥቁሩ 0፣ ነጩ 255። ከ128 በታች ያለውን ሁሉ ጥቁር፣ ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ ነጭ አድርገው ቢባልስ? የአንድ ጠይም ሰው ጉንጭ 96 ቢሆን በሙሉ ጥቁር ይሆናል። ግንባሩ 110 ቢሆንም ያው ጥቁር ነው። ጉንጭ፣ ግንባር፣ አገጭ አንድ ላይ ይሰጥማሉ፤ የሚተርፈው ጥርሱና የዓይኑ ነጭ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተካደ ዕዳ አለ። 96 የነበረውን 0 ስናደርገው 96 ያህል ብርሃን ቀምተነዋል። ሮበርት ፍሎይድና ሉዊስ ስታይንበርግ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ ያመጡት መላ ይህ ዕዳ እንዳይካድ የሚያደርግ ነው። ዕዳው 16 ቦታ ይመደባል፤ 7 እጁ በቀኝ ላለው ጎረቤት፣ 5 እጁ ከሥሩ ላለው፣ 3 እጁ ከሥር በግራ ላለው፣ የቀረችው 1 እጅ ከሥር በቀኝ ላለው ትሰጣለች። በምሳሌያችን 42፣ 30፣ 18 እና 6 መሆኑ ነው። የቀኝ ጎረቤቱም 96 ቢሆን፣ 42 ሲጨመርለት 138 ይሆናል፤ 128ን ስላለፈ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አሁን ደግሞ እሱ ከተገባው በላይ 117 ብርሃን ወስዷልና ያ ትርፍ ከቀጣዮቹ ይቀነሳል። እንዲህ እየተባለ እስከ ገጹ ግርጌ ይኬዳል። የትኛውም ነጠብጣብ ብቻውን እውነት አይናገርም፤ ሰፈሩ ሲደመር ግን ጉንጩ 96 ሆኖ ይገኛል። ዘዴው ኤረር ዲፊዩዥን፣ ስህተትን መበተን ይባላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያለው ያገራችን ሰው ይህን ሒሳብ ያለ ኮምፒዩተር ደርሶበታል።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። በጣም በነጣ ወይም በጣም በጠቆረ ቦታ ላይ ነጠብጣቦቹ እየተከታተሉ ትል የመሰለ መስመር ያወጣሉ፤ ዕዳው ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚገፋ ነው። ከመላዎቹ አንዱ አንዱን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩን ከቀኝ ወደ ግራ መሄድ ነው። ገበሬያችን ትልሙ ጫፍ ሲደርስ በሬዎቹን አዙሮ እንደሚመለሰው መሆኑ ነው።

ቀለም ሲጨመር ነገሩ ይከብዳል። የኮምፒዩተሩ መስኮት የሚናገረው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው፤ የሦስቱ ቅንብር 16,777,216 ዓይነት ይሆናል። ማተሚያው ያለው ግን ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ነው። ሐንስ ኖይገባወር የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1937 እንዳሳየው፣ ሦስት ቀለሞች በነጠብጣብ ሲታተሙ ዓይናችን የሚደምረው ስምንት ነገር ነው፤ ባዶውን ወረቀት፣ ሦስቱን ለየብቻቸው፣ ሁለት ሁለቱ ሲደራረቡ የሚወጡትን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ በመጨረሻም ሦስቱ የተነባበሩበትን ጥቁር። በወረቀት ላይ ግን ሒሳቡ ብቻውን አይበቃም፤ ቀለሙ ይሰምጣል፣ ይሰፋል፣ ከወረቀቱ ጋር ይለዋወጣል። ስለዚህ አምራቹ ብዙ የቀለም ናሙና ያትማል፣ በመሣሪያ ይለካል፣ ውጤቱንም በሠንጠረዥ ያሰፍራል። ለ16 ሚሊዮኑ ሁሉ መልስ መጻፍ ስለማይመች፣ ለምሳሌ እያንዳንዱ ብርሃን በ17 እርከን ተከፍሎ 4,913 መልስ ብቻ ይጻፋል፤ የቀረው በመካከል ካሉት ጎረቤቶች ይገመታል። ይህ ሠንጠረዥ ሉክአፕ ቴብል ይባላል። ሠንጠረዡ «ምን ያህል ቀለም?» ለሚለው ይመልሳል፤ ስህተት ብተናው «የት ላይ?» ለሚለው። ለእያንዳንዱ የወረቀት ዓይነትም የራሱ ሠንጠረዥ አለው።

ይህ ሁሉ ለእኔ የባለሙያ ወሬ ብቻ የነበረው እቴቴ እያልን የምንጠራት፣ ያሳደገችኝ አክስቴ እስክታርፍ ድረስ ነው። ለአርባዋ ፎቶዋ ተለቅ ተደርጎ እንዲታተም ቤተሰቡ ወሰነ። እቴቴ ጠይም ነበረች፤ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት፣ አንገቷ ላይ የተደረደረ ንቅሳት ነበራት። ሰማያዊ ያዘለ ጥቁር በጠይም ቆዳ ላይ፤ ጠጋ ብሎ ላላየው ሰው የማይለይ። ስሙን የማልጠራው አንድ ሱቅ ወሰድነው። የወጣው ፊት ግን ከሰል ነበር፤ ንቅሳቱ የለም፣ የዓይኗ ሥር መስመሮች የሉም። ልጁ «እናትየዋ ራሳቸው ጠቆር ይሉ ነበር እንዴ? ላብራው?» አለን። አበራው፤ ነጠላዋ ጥለቱ እስኪጠፋ ነጣ፣ ፊቷ አመድ መሰለ። ታናሽ እህቷ ወረቀቱን ተቀብላ አየችና «ይቺ ማን ናት?» አለች። ማንም አልመለሰላትም።

በዕድሜ ገፋ ያለ ሌላ ሠራተኛ መጥቶ ወረቀቱን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ነገር ብቻ ለወጠ፤ የወረቀቱን ዓይነት። መሣሪያው ላይ የነበረው ወፈር ያለ ተራ ወረቀት ሲሆን የታዘዘው ግን ለሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት ነበር። በትንሽ ቁራጭ ላይ ፊቷን ብቻ አወጣው። መስቀሉ ግንባሯ ላይ ነበር። የሱቁ ባለቤት ግን የሦስቱንም ሒሳብ ተቀበለን።

የሆነው እንዲህ ነው። የፎቶ ወረቀት ብዙ ቀለም በላዩ ላይ ይዞ ይቆያል፤ ተራ ወረቀት ይጠጣዋል፣ ጠብታውም በጎን ይሰፋል። የተሳሳተው ሠንጠረዥ ተራው ወረቀት ከሚችለው በላይ ቀለም አዘዘ። ፈካ ባለ ፊት ላይ ነጠብጣቦቹ የተራራቁ ስለሆኑ ትንሽ ቢሰፉ ፊቱ ይጠይማል እንጂ አይጠፋም። በጠይም ፊት ላይ ግን አብዛኛው ወረቀት ቀድሞውኑ ተሸፍኗል፤ መስመሩንና ንቅሳቱን የሚናገሩት በመካከል የተረፉት ደቃቅ ነጫጭ ክፍተቶች ናቸው። ጠብታው ሲሰፋ የሚደፈኑት እነሱ ናቸው። ስህተት ብተናው ዕዳውን አስተካክሎ አከፋፍሎ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ክፍያውን በላው። ከዚያ በኋላ ማብራት የጠፋውን አይመልስም።

በፊልም ዘመን ከዚህ የከፋ ነገር ነበር። ኮዳክ ለፎቶ ቤቶች ይልካቸው የነበሩት የቀለም ማመሳከሪያ ካርዶች ለረጅም ዘመን የነጭ ሴት ፊት ይዘው «ሸርሊ» ይባሉ ነበር። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንደጻፈችው፣ ፊልሙ ጠቆር ያለውን ሁሉ በደንብ እንዲይዝ ኩባንያውን ከገፋፉት መካከል የቸኮላትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል። ይህ የፊልም ታሪክ ነው፤ የሱቁን ማተሚያ በዚህ አልከሰውም። የእቴቴን ፊት ያጠፋው የወረቀት ምርጫ ነው። ጥያቄው ግን ያው ነው። ሠንጠረዥ ከሰማይ አይወርድም፤ አንድ ሰው ለክቶ፣ አይቶ፣ «ይህ ልክ ነው» ብሎ ያጸድቀዋል። ሲያጸድቀው የማን ፊት ከፊቱ ነበር? በ17 እርከን ሲከፈል በአንዱና በቀጣዩ መካከል 16 ቁጥር ያህል ርቀት አለ። እኛ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ብለን በስም የለየነውን ሠንጠረዡ በጥቂት እርምጃ ሊያልፈው ይችላል።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ፎቶ ሊያሳትሙ ሲሄዱ «ይብራልኝ» ከማለትዎ በፊት የወረቀቱ ዓይነት በትክክል መታዘዙን ይጠይቁ። አስቀድመው ፊቱን ብቻ በትንሽ ቁራጭ ያስወጡ። ልብሱንና ሰማዩን አይመኑ፤ እነሱ በማንኛውም ሠንጠረዥ ያምራሉ። አጉሊ መነጽር ካለዎት ደግሞ የመጽሔት ሽፋንና ከሱቅ የወጣ ፎቶ አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጡ። የሽፋኑ ነጠብጣብ በረድፍ ቆሞ፣ የሱቁ እንደተበተነ ጤፍ ሆኖ ያገኙታል። ከዚያ ጠይም ጉንጭ ፈልገው ጥቁሮቹን ይተዉና በመካከላቸው የቀሩትን ነጫጭ ክፍተቶች ይመልከቱ። ክፍተቶቹ ካሉ ሰውየው አለ፤ ከተደፈኑ ግን ገንዘብዎን ከመክፈልዎ በፊት ይመልሱት።