ስኳሯን ለካሁ፣ ጭንቀቷን ግን አልጠየቅኩም

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ራሴ ስህተት ነው። የባለታሪኮቹ ማንነት እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር ለክትትል መጣች። ዓይነት 1 የስኳር ህመም አለባት፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። የቤት መለኪያ ደብተሯን ስገልጠው ሁሉም 110፣ 120፣ 115 ይላል። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ ግን 13 በመቶ ሆነ። ለብዙዎቹ ልጆች የምንፈልገው ከ7 በመቶ በታች ነው። ደብተሩ እውነት እንዳልሆነ ገባኝ።

እናቷ ፊት "ለምንድነው የምትዋሺው?" አልኳት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች፤ እናቷ አለቀሱ። እኔም የተለመደውን ምክር ሰጥቼ ሸኘኋቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ገባች። ያስመልሳታል፣ ትንፋሿ ጥልቅና ፈጣን ነው። ኢንሱሊን ሲቋረጥ ደምን አሲዳማ የሚያደርገው ኬቶአሲዶሲስ ነበር። ቶሎ ካልታከመ ይገድላል። ደግነቱ ደርሰንላት ዳነች።

ሲሻላት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ "ከስኳር ጋር ስትኖሪ በጣም የሚከብድሽ ምንድነው?" ብዬ ጠየቅኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣ "ቁጥሩ ከፍ ሲል እማዬ ታለቅሳለች። ጥሩ ቁጥር ስጽፍ ግን እንቅልፍ ይወስዳታል" አለችኝ። ትምህርት ቤት ደግሞ ጓደኞቿ እንዳያዩ የምሳ ሰዓቱን መርፌ ትዘለው ነበር።

እናቷን ለብቻ አነጋገርኳቸው። "ዶክተር፣ ሌሊት 8 ሰዓት እየተነሳሁ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ጎረቤት ደግሞ ጣፋጭ ስላበዛሽላት ነው ይለኛል" አሉኝ። (ዓይነት 1 ስኳር ጣፋጭ በመብላት አይመጣም!) እናትና ልጅ አንድ ቤት ውስጥ ለየብቻ ይጨነቁ ነበር።

ይህ ከስኳር ህመም ጋር የመኖር ጭንቀት ነው። ስንፍና አይደለም። ከድብርት ጋር አብሮ ሊኖር ቢችልም ከድብርት ይለያል። በየቀኑ መለካት፣ መወጋት፣ ምግብን ማስላትና መፍራት የሚያመጣው ድካም ነው። ሲበዛ መርፌው ይዘለላል፣ ስኳሩ ይጨምራል፤ ስኳሩ ሲጨምር ደግሞ ጭንቀቱ ይብሳል።

ታዲያ ጭንቀት ይለካል ወይ? አዎ። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ለአዋቂ ታካሚዎች 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አወጡ። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 4 ይመለሳል፤ ውጤቱ ከ100 ይሰላል፤ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጭንቀቱ ከባድ ነው። በኋላ ለታዳጊዎችና ለወላጆቻቸው የየራሳቸው መጠይቅ ተዘጋጀ። የሁለቱ ሸክም አንድ ስላልሆነ ነው።

እናንተም ቤት ውስጥ በዚህ መጀመር ትችላላችሁ። እነዚህ የኔ ጥያቄዎች ናቸው፤ ወሬ ለመክፈት እንጂ ለምርመራ አይደሉም። ባለፈው ወር ምን ያህል እንደከበዳችሁ ከ0 (ምንም) እስከ 4 (በጣም) ቁጥር ስጡ። ልጅ ለብቻ፣ ወላጅ ለብቻ ይጻፍ።

ለታዳጊው፦
👉 መለካትና መወጋት ሰልችቶኛል።
👉 ሰው እንዳያየኝ ስል መርፌ እዘላለሁ።
👉 ቤተሰቤ ስለ ስኳሬ ሲናገር ይከብደኛል።

ለወላጅ፦
👉 ሌሊት ስኳሩ ይወርዳል ብዬ እፈራለሁ።
👉 ስለ ስኳሩ ከልጄ ጋር እንጣላለን።
👉 ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ አስባለሁ።

3 ወይም 4 ያለው መልስ ካለ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ በቀጠሯችሁ ቀን ከስኳሩ ውጤት በፊት አንሱት። ወላጆች፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል "ምን በልተሽ ነው?" ከማለት "እንኳን ለካሽ፤ አሁን ምን እናድርግ?" በሉ። ከፍ ያለ ቁጥር መረጃ ነው፤ ጥፋት አይደለም። ልጁ አደገ ብላችሁም ሸክሙን በአንድ ጊዜ አትልቀቁበት።

⚠️ ኢንሱሊን ያቋረጠ ልጅ ካስመለሰው፣ በጥልቀትና በፍጥነት ከተነፈሰ ወይም ከደነዘዘ ወዲያውኑ ሆስፒታል ውሰዱት። "ብሞት ይሻለኛል" ካለም ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ብቻውን ሳትተዉት ዛሬውኑ ለሐኪም አሳዩት።

ያቺ ልጅ አሁንም ክትትል ላይ ናት። ባለፈው ደብተሯ ላይ 290 የሚል ቁጥር አየሁ። እውነተኛ ቁጥር ስለነበር ደስ አለኝ፤ ምን እንደምናደርግ ሦስታችን አብረን ተነጋገርን።

ልጁ ስኳር ላለበት ወላጅ ሼር አድርጉልኝ። ቸር ሰንብቱ!